የማይደፈረው ግራ

ሰው ከሚወደው ጋር ሲቆራረጥ፣ ያ ሰው በሚያልፍበት ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ድንቢጥ ግን ወዴት ትዙር? በመሃላቸው ያለው አንድ መረብ ብቻ ነው። ወዲህ እሷና የዛሬው ተጣማሪዋ መሰላሉ፣ ወዲያ ግራኙና አዲሲቱ ተጣማሪው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተጣምረው የሚጫወቱት የቴኒስ ድብልቅ ጥንድ ግማሽ ፍጻሜ ነው፤ ያሸነፈ ነገ ለዋንጫ ይቀርባል፣ የተሸነፈ ሻንጣውን ይጎትታል። ዝናቡ የአዳራሹን ጣሪያ ይደበድባል፤ ገና በቀን የበራው መብራት የሰዉን ፊት ሁሉ አመድ አስመስሎታል።

"እንግዲህ ቻለው ሆዴ" አለች በልቧ፣ ራኬቷን እያገላበጠች።

"ድንቢጥ" ያሏት የሙያ ባልደረቦቿ ናቸው። አጭር ናት፤ መረብ ስር ኳስ ስትጠብቅ እግሯ መሬት አይረግጥላትም፣ እመር እመር ትላለች። መሰላሉ ቁመቱ የሰጠውን ስም ይዞ ይኖራል። ግራኙ ደግሞ በግራ እጁ ነው የሚመታው፤ በግራ በኩል የመጣችለትን ኳስ ሲመልሳት አያድርስ ነው። ጥንድ የሚጫወት ሰው ሁሉ ከሱ ጋር በገጠመ ቁጥር ከአሠልጣኙ አንድ ምክር ይሰማል፤ ወደ ግራው እንዳትልክ። ምክሩ ከመለመዱ የተነሳ ዓመታት አልፈው ግራውን ማንም ደፍሮ ሞክሮት አያውቅም።

ድንቢጥ ቴኒስን የለመደችው በጓሮ በር ገብታ ነው። እናቷ የአንድ ክበብ ፎጣ አጣቢ ነበሩ። የአባላቱ ልጆች ነጭ በነጭ ለብሰው ሲጫወቱ፣ እሷ ገመድ ላይ በተሰጣው ፎጣ መሃል አንገቷን አስግጋ ታያለች። አራት ሆነው ሊጫወቱ ፈልገው አንድ ሰው የጎደለ ዕለት "ያቺ የፎጣ አጣቢዋ ልጅ የለችም?" ይባልና ትጠራለች። የጎደለው ሰው ሲመጣ ትወጣለች። ለብቻዋ ሜዳ የሰጣት ሰው የለም፤ ታዲያ እንዲህ ያደገ ሰው ነጠላ ጨዋታ ከየት ይማራል? የምታውቀው ጎዶሎ መሙላት ነበር፤ ጎዶሎ መሙላቱን እንጀራዋ አደረገችው። በተጠራች ቁጥር ታዲያ "እኔ ጋ ትሁን" የሚል አንድ ግራኝ ልጅ ነበረ፤ የክበቡ ሊቀመንበር ልጅ።

የጥንድ ተጫዋች ኑሮ ከውጭ ሲያዩት ያምራል እንጂ ቅርብ ሆነው ሲያዩት አንጀት ይበላል። ትልቁን ሜዳ የነጠላዎቹ ኮከቦች ይይዙታል፤ ጥንዶቹ ዳር ያለው ሜዳ ላይ፣ እግሩን ሊያሳርፍ ለተቀመጠ ተመልካች ይጫወታሉ። ዛሬ ተጋብተው ነገ የሚፋቱበት ሙያ ነው። ያንዱ ጉልበት አመመው ሲባል ሌላው እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ሰው ይዞ ይገኛል፤ "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ድንቢጥና ግራኙ ግን ዓመቱን ሙሉ እሷ ከሴት፣ እሱ ከወንድ ጋር አገር ላገር ሲንከራተቱ ይከርሙና፣ ትልልቆቹ ውድድሮች ሲመጡ ድብልቁን አብረው ይጫወታሉ። ሰው ሲያያቸው "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" ይላል። ዕድሜያቸው ከሠላሳ አልፏል፤ መጋባታቸውን የማይጠብቅ አልነበረም።

ማለቴ፣ ከአንድ ሰው በቀር። የግራኙ እናት፣ ድንቢጥ ከልጅነቷ ጀምሮ "እትዬ" የምትላቸው፣ አንድ እሁድ ምሳ ጋብዘዋት ነበር። ሳህን አንስታ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ለእንግዶቻቸው የተናገሩትን በጆሮዋ ሰማችው።

"ልጅቷስ ጨዋ ናት። ለጨዋታ ትሁነው እንጂ፣ ለጎጆስ…"

የቀረውን አልጨረሱትም፤ ባይጨርሱትም ገባት። ሳህኑን አስቀምጣ ውሃ ጠጣች፣ ተመልሳም ሳቀች። የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል እንዲሉ፣ ያቺ ቃል ውስጧ ገብታ ተቀመጠች። ለግራኙም አልነገረችውም።

ቀጥሎ ግራኙ ራሱ ተለወጠባት። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ድንገት "ጎን እንቀያየር" አላት። በጥንድ ጨዋታ ጎን መቀየር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ለዓመታት የተኛበትን የአልጋ ወገን እንደ መልቀቅ ነው። እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ ሆነው ነበር ያደጉት። ለምን ብትለው "እንዲሁ ደከመኝ" አላት። እሺ ብላ ተቀየረችለት። ከዚያ ወዲህ በመሃል የምትመጣ ኳስ ሁሉ የሷ ሆነች፤ ትከሻዋ ሌሊት እያመማት አደረ፣ እሱ ቆሞ ያያል። ሰነፈብኝ፣ አላከበረኝም ብላ አኮረፈች።

የተለያዩት ደግሞ ሆቴል ውስጥ፣ ሊፍት ሲጠብቁ ነው። መሰላሉ ተጣማሪ እንዳጣ፣ ከሱ ጋር ብትጫወት እንደሚሻላት ግራኙ ነገራት፤ ሥራ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበረው። ለጨዋታው ብቻ መስሏት ነበር። "መለያየቱ ለሌላውም ነገራችን ይሻላል" ሲላት ግን የእትዬ ቃል መጣባት።

"እናትህ ናቸው፣ አይደል?" አለችው።

ዝም አለ። ሊፍቱ መጣ፤ ብቻውን ገባ። ድንቢጥ ዝምታውን አዎ ብላ ተረጎመችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬን ስትጠላ፣ እሱን ደግሞ "የእናቱ ልጅ" እያለች ስትረግም ከረመች። ስትረግመውም አልቅሳ ነው።

ወደ ሜዳችን እንመለስ። አንደኛውን ዙር እነ ድንቢጥ ወሰዱ። ሁለተኛውን እነ ግራኙ መለሱ፤ አዲሲቱ ሴት እንደ እሳት ትንቦገቦጋለች፣ መሃሉን ብቻዋን ጠራርጋ ይዛዋለች። ቀሪው ዋናውን የሚለየው አጭር ዙር ነው፤ አሥር ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። ድንቢጥ ዓይኗን ከግራኙ ዓይን ለማሸሽ ስትል ሙሉ ጨዋታውን የሱን ጫማ ስታይ ነበር የቆየችው።

በዚያ አጭር ዙር መሃል እጇን አላበውና የመታችው ሰርቭ፣ ነጥቡን የምትከፍትበት ምት፣ ካሰበችው መስመር ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ግራኙ ግራ ሄደ። ተመልካቹ ትንፋሹን ዋጠ። ራኬቱ ግን ዘግይቶ መጣ፤ ኳሷ ጠርዙን ነክታ ወደ ወንበሮቹ ተፈናጠረች። ዕድል ነው ብላ አለፈችው። ጥቂት ቆይቶ መሰላሉ በግራኙ ግራ ትከሻ ላይ ከፍ አድርጎ አንዲት ኳስ ላከ። ግራኙ ኳሷን ለማየት አንገቱን ሙሉ ለሙሉ አዞረ፤ ዶሮ መሬት የወደቀ ጥሬ ልታይ አንገቷን እንደምታጋድለው። ሲያገኛት ኳሷ አልፋው ነበር።

ድንቢጥ ነገሩ ሁሉ ባንዴ መጣባት። በግራ ክርኑ ገፍቶ የሰበራቸው ብርጭቆዎች፣ እሷም "አንተ ዝርክርክ" እያለች የለቀመቻቸው ስብርባሪዎች። በግራ በኩል መጥታ ትከሻውን ስትነካው ክው ብሎ መደንገጡ፣ ደንግጦም መሳቁ። ከሁሉም በላይ ጎን የተቀያየሩበት ቀን። በቀኝ ሲቆም ግራው መሃል ሜዳ ይሆናል፤ መሃል ሜዳ ላይ ደግሞ እሷ አለች። የማያይበትን ጎኑን በሷ ነበር የሸፈነው። እሷ ሰነፈብኝ ብላ ስታኮርፍ፣ ሰውዬው በሷ ዓይን እያየ ነበር።

ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይላሉ፤ ድንቢጥ ያማችው የራሷን ዓይን ነው። ስንት ዓመት አጠገቡ ቆማ እንዴት አላየችም? ዓለም ሁሉ ግራውን ስለፈራው፣ እሷም እንደ ዓለሙ ፈርታ ወደዚያ ተመልክታ አታውቅም።

እነ ድንቢጥ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀራቸው። ሰርቩ የሷ ነው፤ ተራው ወደ ቀኙ ሜዳ ነው፣ እዚያ የቆመው ደግሞ ግራኙ። መሰላሉ መጥቶ አፉን በኳስ ሸፍኖ ሹክ አላት።

"ግራው ላይ የሆነ ነገር አለ። መሃሉን ስጪው።"

"ወደ ግራው? አብደሃል?" አለች፤ ድምፁ የሷ አልመስል አላት።

"አንዴ ብቻ" ብሎ ሄዶ መረቡ ስር ጎንበስ አለ፤ ከጀርባው ባለች እጁም ጣቱን ወደ መሃል ጠቆመ።

ድንቢጥ ኳሷን ደጋግማ አነጠረቻት። ግራኙ ወዲያ ማዶ ራኬቱን ይዞ ይጠብቃል፤ አሁን ዓይኑን አየችው፣ ምንም አይለይበትም፤ ያው የምትወደው ዓይን ነው። ወደ መሃል ብትመታና ቢስታት፣ የመሰላሉ ጥርጣሬ ነገ የተጫዋቹ ሁሉ ወሬ ይሆናል፤ ግራኙ ከዚህ ሜዳ ሲወጣ ለዘለዓለም ወጣ ማለት ነው። ሸሽታ ብትመታስ? ከልጅነቷ ጀምሮ ያወቃት ሰው ነው፤ የሸሸችው ፈርታ ሳይሆን አዝናለት መሆኑን ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ግራኙ ዱላ ይችላል፤ ምጽዋት ግን አይችልም። ሌላም ነገር ነበር፣ ብደብቃችሁ ነውር ነው፤ ተናዳበታለች፣ ማሸነፍም አምሯታል። የፎጣ አጣቢዋ ልጅ የትልቅ ውድድር ዋንጫ አንስታ አታውቅም፤ ዕድሜዋም ዳግመኛ እንዲህ ያለ ቀን ያመጣላት አይመስላትም።

ኳሷን ወደ ላይ ወረወረች። አውቃ፣ በሙሉ ክንዷ፣ መሃሉን መታችው።

ግራኙ አልተነቃነቀም። ኳሷ ከግራ ጎኑ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ አልፋ ከኋላው ካለው ግድግዳ ስትጋጭ ነው ዘወር ያለው። ተመልካቹ ግራኙ የተሸወደ መስሎት አጨበጨበ። መሰላሉ ሮጦ መጥቶ አቀፋት፤ አጥንቶቿ ሲንኳኩ ተሰማት እንጂ ደስታው አልተሰማትም። እንደ ልማዱ አራቱም መረቡ ላይ ተገናኝተው ተጨባበጡ። ግራኙ እጇን ይዞ "ጥሩ ሰርቭ ነበር" አላት። ቀና ብላ ልታየው አቃታት።

ከሜዳው ወደ ልብስ መቀየሪያው በሚወስደው መተላለፊያ እትዬ ቆመዋል፤ ጃንጥላቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ድንቢጥ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል ክንዷን ያዟት። የእትዬን ማርጀት ዛሬ ገና አየች።

"ልጄን ስትተዪው ለኔ አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሏት።

"እኔ ነኝ የተውኩት፣ እትዬ?"

"'ሰለቸኋት፣ እናቴ' ነው ያለኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በቅጡ አይቀምስም፤ እኔንም ዓይኔን አያየኝም።" ጃንጥላውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እኔም ያኔ አፌ ያመጣልኝን ተናግሬ ሰምተሽኝ ይሆናል፤ ሳህኑን እዚያው ጥለሽ ስትመጪ ፊትሽን አይቼዋለሁ። እናትሽ ቤት ሄጄ ይቅርታ ልላቸው ነበር። ቀን ቆርጬ ሳለ ነው 'አበቃ' ያለኝ።"

ድንቢጥ ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ ቤት ላይ ድንጋይ ስትወረውር ነው የከረመችው። ግራኙ ለሷ "እናቴ ናት" ብሎ በዝምታው ነገራት፣ ለእናቱ "እሷ ናት" አላቸው፤ ሁለቱን ሴቶች አጣልቶ ራሱ መሃል ተደበቀ። እትዬ ስለ ዓይኑ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ ከፊታቸው ገባት። እሷም አልነገረቻቸውም፤ ምስጢሩ የሱ እንጂ የሷ አይደለም። ጉልበታቸውን ዝቅ ብላ ነካ አድርጋ "ይቅር ይበሉኝ" አለቻቸውና ሄደች።

ግራኙን ያገኘችው ተጫዋቾች ሰውነታቸውን በሚታሹበት ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ቦርሳውን አልከፈተም፣ ላቡም አልደረቀም። በግራ በኩል ገብታ አጠገቡ እስክትደርስ አላወቀም።

"እኔ ነኝ" አለች፣ እንዳይደነግጥ።

"ነገ ፍጻሜ አለሽ፤ ሂጂ እረፊ።"

በሩን ዘጋችው። እናቱን እንዳገኘቻቸው ስትነግረው ትከሻው ወረደ። ከዚያ በኋላ ለመደበቅም አልሞከረም፤ የደከመው ሰው ሸክሙን እንደሚያወርድ አንድ በአንድ አወረደው። የግራ ዓይኑ ነርቭ እየሞተ ነው፤ ከጎን የሚመጣውን ካጣው ቆይቷል። ቀኙም ጀምሮታል። ሐኪሙ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው ሊነግረው አልቻለም፤ ሌላ ሥራ ማሰብ እንዲጀምር ብቻ መክሮታል። ይህን የሰማው ሊፍቱ ጋ ከመለያየታቸው አስቀድሞ ነው። ከሐኪሙ ወጥቶ በቀጥታ የሄደው መሰላሉ ዘንድ ነበር፤ "ድንቢጥን ውሰዳት" ብሎ የለመነው እሱ ራሱ ነው።

ድንቢጥ እስከዚህ ድረስ ቻለችው። እዚህ ላይ ግን ነደደች።

"ለኔ የምትመርጥልኝ አንተ ማን ነህ? ባል የሚሆነኝንም ተጣማሪዬንም በአንድ አፍ ስትነሳኝ ጠይቀኸኛል?"

"ብጠይቅሽ እሺ ትያለሽ" አላት ዝግ ብሎ። "ያልጠየቅኩሽም ለዚሁ ነው። ልጅ ሆነሽ የሰው ጎዶሎ ስትሞዪ አደግሽ። የኔን ስትሞዪ ልታረጂ ነው?"

እውነት አለው፤ እውነቱ ደግሞ እሷን አያሳርፋትም። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ግራኙ ቀና አለ፤ እንዲያያት ፊቱን ሙሉ ወደ እሷ አዙሮ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትዋሺኝ። የመጨረሻዋን ኳስ ስትመቻት አውቀሽ ነበር?"

እነሆ የፈራችው ደረሰ። አላውቅም ነበር ብትለው ትድናለች፤ የታመመ ሰው በታመመበት በኩል የመታች ሴት አትባልም። እሱም ሳያዝኑለት ተሸነፈ ይባላል። አፏ ድረስ መጣች ውሸቲቱ። ግን ከዚህ ሰው ጋር በውሸት የተኖረው ይበቃል አለች ልቧ።

"አውቄ ነበር" አለችው። "አውቄ ነው የመታሁህ። ማሸነፍም ፈልጌ ነበር።"

ግራኙ ትከሻው ተንቀጠቀጠና ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ድንቢጥ መቅረብም መራቅም አቃታት፤ ገደልኩት አለች በልቧ።

"ተመስገን" አለ፣ ድምፁ ሲመለስለት። "ካወቅሁ ጀምሮ ሕመሙን አይደለም የምፈራው። አንቺ አውቀሽ፣ ለልጅ እንደሚደረግ ለስለስ አድርገሽ ኳስ የምታቀብዪኝን ቀን ነው። ለሱ ነው የሸሸሁሽ።"

ያኔ ነው ለድንቢጥ የገባት። ያን ሁሉ ጊዜ የጠላት መስሏት ያለቀሰችበት ሰው፣ እንዳታዝንለት ሲል ራሱን አስጠልቶ ነበር። ሳይጠይቃትም እሺ እንዳለችው፣ ነገም ከነገ ወዲያም ከሱ እንደማትለይ ነገረችው። አታባብይኝ አላላትም፤ እሺም አላላትም። መስኮቱን ተመለከተ፤ ዝናቡ ገለል ብሎ ቀጭን ብርሃን ገብቷል።

"እስቲ እዚያ ብርሃኑ ጋ ቁሚልኝ" አላት። "ልይሽ።"

ሄዳ ቆመች። በሺህ ሰው ፊት ያላፈረች ሴት፣ በአንድ ሰው ፊት እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ግራኙ በዓይኑ ከፀጉሯ ጀምሮ ወረደ፤ ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ አገጯ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ። አስተያየቱን አወቀችው። ሰው ሊለቀው ያለውን ቤት በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው እንዲህ ነው። ይዞት የሚቀረው ይህን ፊት ነው ብላ እንባዋን ጠርጋ ልትስቅለት ሞከረች፤ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት።

"ተዪው" አላት። "እንዳለሽ ሁኚ። ይኼም የኔ ነው።"

ድንቢጥም እስኪበቃው ድረስ ቆመችለት። አልበቃውም።